ዮጋ ስለሚባለው ልምምድና ስለ ሕፃናት ዕረፍት
ለገጠር ትምህርት ቤት አስተማሮችና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ትምህርት ወደ ልብ የሚገባው በሥጋ በር ነው። ዐይን ያላየውን፣ ጆሮም ያልሰማውን ልብ ሊያስተውለው አይችልም፤ ዐይንና ጆሮም ደኅና አድርገው የሚሠሩት አካል ጸጥ ሲል ነው። ያልታረሰ መሬት ዘር እንደማይቀበል፣ የደነገጠና የዛለ ሕፃንም ፊደልን አይቀበልም። ስለዚህ አስተማሪ ከትምህርቱ አስቀድሞ የተማሪውን አካልና ትንፋሽ ሊመለከት ይገባዋል።

በአሁኑ ዘመን በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ለዚህ ጉዳይ ዮጋ የተባለ የሕንድ ልምምድ ገብቷል። ይህ ነገር ለኢትዮጵያ የገጠር ትምህርት ቤት ይጠቅማልን? ቢጠቅምስ ምኑ ይወሰዳል፣ ምኑስ ይተዋል? ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው ይህን ለመግለጽ ነው፤ ምሳሌውም ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የተወሰደ ነው።

1. ሕፃኑ ወደ ትምህርት ቤት ሲደርስ

በቦረና፣ በወግዲ፣ በአማራ ሳይንትና በለጋምቦ ደጋ የሚያድግ ሕፃን ከትምህርት ቤት ደጃፍ የሚደርሰው ብዙ ሥራ ሠርቶ ነው። ውርጭ ባረፈበት ሣር ላይ ከብቱን ያሰማራል፤ እኅቱም ከምንጭ ውኃ ቀድታ፣ እንስራውን አሳርፋ ትመጣለች። ከዚህም በኋላ ሽቅብና ቁልቁል መንገድ አለ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓመተ ምሕረት ባወጣው ምክር፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን የሚያፈጥን የአካል እንቅስቃሴ ሊያደርጉ እንደሚገባ ተናግሯል። ይህን ምክር ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል የከተማ ልጅ ሊሰማው ይገባል። የደጋው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የተባለውን ያህል ከትምህርት በፊት ይፈጽመዋል። ስለዚህ ለርሱ የሚያስፈልገው በድካም ላይ ድካም አይደለም፤ ሸክም ያጎበጠውን ጀርባ የሚያቃና፣ የሚቻኮለውንም ትንፋሽ የሚያሳርፍ ጥቂት ጊዜ ነው።

ከድካም ሌላ ፍርሃት አለ። በ2014 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ጦርነት ወደ ደቡብ ወሎ ገብቶ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆይተው ነበር። ከ2015 ዓመተ ምሕረት ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ርቀዋል። እንዲህ ያለውን ዘመን ያየ ሕፃን ወደ ክፍል ቢመለስም ልቡ አብሮት ላይመለስ ይችላል። በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ትናንት ያነበበውን ዛሬ ያጣዋል፤ ያለ ምክንያት ከጓደኛው ጋር ይጣላል። አስተማሪው ይህን አይቶ ሰነፍ ነው ወይም ባለጌ ነው ብሎ ቢፈርድበት፣ በቁስሉ ላይ ቁስል ይጨምርበታል።

2. ዮጋ ምንድር ነው

ዮጋ የሚለው ቃል በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ፣ በሳንስክሪት፣ መጥመድ ወይም ማጣመር ከሚለው ሥር የወጣ ነው። በሬን በቀንበር ለሚጠምድ የወሎ ገበሬ ምሥጢሩ ሩቅ አይደለም። ሁለት በሬ ሳይጣመር ቢነዳ አንዱ ወደ ማሳው፣ ሌላው ወደ ገደሉ ይሄዳል፤ በቀንበር በተጠመደ ጊዜ ግን አንድ ትልም ያወጣል። እንደዚሁም አካልና ትንፋሽ ተጣምረው ሲሄዱ አሳብ ይሰበሰባል ማለት ነው።

ጥንቱን ዮጋ የሃይማኖት ሥርዓት ነበር፤ ይህንም መደበቅ አይገባም። ፓታንጃሊ በተባለ ሰው ስም የሚጠራውና ከ1500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የዮጋ መጽሐፍ ሥርዓቱን በስምንት ክፍል ይከፍለዋል። ከነዚህ አቋቋምና አቀማመጥ ሦስተኛው ክፍል ነው፤ ትንፋሽን መግዛት አራተኛው ነው፤ የቀሩት ስለ ምግባር፣ ልብን ስለ መሰብሰብና ስለ ተመስጦ የሚናገሩ ናቸው። ዛሬ በዓለም የተስፋፋው የአካል ልምምድ ግን ሁሉም ጥንታዊ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1930ዎቹ በማይሶር ቤተ መንግሥት ክሪሽናማቻርያ የተባለ መምህር ለወጣቶች ያስተምረው ከነበረው ብዙ ተወስዷል፤ የዘመኑ የአውሮፓ ጂምናስቲክም ተቀላቅሎበታል የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2 ቀን 2007 ዓመተ ምሕረት ባሳለፈው ውሳኔ ሰኔ 14 ቀን የዮጋ ቀን እንዲሆን ወስኗል፤ ቀኑ በአዲስ አበባም ተከብሯል። ዩኔስኮም በ2009 ዓመተ ምሕረት ዮጋን ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል።

3. ሽማግሎች ስለሚጠይቁት ጥያቄ

ካህኑም ሼኹም ይህን በሰሙ ጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነው፤ ይኸውም የባዕድ አምልኮ በልጆቻችን ላይ እየገባ እንደ ሆነ ብለው ነው። ጥያቄው የአላዋቂ ጥያቄ አይደለም። በዓለም ያሉ ብዙ ወላጆች ጠይቀውታል።

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ ኤንሲኒታስ በምትባል ከተማ፣ ትምህርት ቤቶቹ ዮጋን ባስገቡ ጊዜ ሃይማኖት ነው ብለው ወላጆች ከሰሱ። ትምህርት ቤቶቹም የሳንስክሪቱን ስም ትተው አቀማመጡን በልጆች ቋንቋ ሰይመውት ነበር። ዳኛው በ2005 ዓመተ ምሕረት፣ ይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት በ2007 ዓመተ ምሕረት፣ በዚያ የሚሰጠው ልምምድ ሃይማኖትን የሚያስተምር አይደለም ብለው ፈረዱ። በዚያው አገር አላባማ የተባለው ግዛት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ዮጋን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከልክሎ ነበር። በ2013 ዓመተ ምሕረት ክልከላውን ሲያነሣ፣ የጸሎት ቃልና ዜማ እንዳይኖርበት፣ ወላጅም ፈርሞ እንዲፈቅድ በሕግ ደነገገ። በሕንድ አገር እንኳ የፀሐይ ሰላምታ የሚባለውን ልምምድ ብዙ የእስልምና ተከታዮች ተቃውመውት ነበር፤ በ2007ቱ የመጀመሪያ በዓል የጋራ ልምምድም ሳይገባ ቀርቷል።

የኢትዮጵያም ሕግ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 27ም ወላጆች ልጆቻቸውን በሃይማኖታቸው ኰትኵተው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል።

እንግዲህ የሚተወው ምንድር ነው ቢሉ፣ አምስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሳንስክሪት የጸሎት ቃልና ዜማ ሁሉ። ሁለተኛ፣ ለፀሐይ ሰላምታ መስጠት። ሦስተኛ፣ መዳፍን በደረት ላይ ገጥሞ እጅ መንሣት። አራተኛ፣ ተንበርክኮ ግንባርን ወደ ምድር ማድረስ፤ ይህ በሌላ አገር የሕፃን ዕረፍት ተብሎ የሚሠራ ቢሆንም፣ በወሎ ምድር ለክርስቲያኑ ስግደት፣ ለእስልምናውም ተከታይ ሱጁድ ነውና፣ የአምልኮን መልክ ለጨዋታ ማድረግ አይገባም። አምስተኛ፣ ዐይንን ጨፍኖ ወደ ተመስጦ መግባት።

የሚወሰደውስ ቢሉ፣ ቀጥ ብሎ መቆም፣ እጅና ጎንን መዘርጋት፣ ትንፋሽን መመጠን ነው። እነዚህ የአንድ ወገን ገንዘብ አይደሉም። የዜማ ተማሪ ትንፋሹን መመጠን ካላወቀ ዜማው ከመካከል ይቆረጥበታል፤ መንዙማ የሚያወርደውም እንዲሁ ነው፤ በመስክ ዋሽንት የሚነፋ እረኛም ያውቀዋል። ቀድሞ ብዙ ሕንዳውያን መምህራን በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ አስተምረዋል፤ የተማረው ሰው ቍጥሩን ወሰደ እንጂ ሃይማኖቱን አልለወጠም።

ነገር ግን ስሙን ለውጦ፣ ከየት እንደ መጣም ሰውሮ በስውር ማስገባት ማታለል ነው። ሽማግሌ ኋላ ሲሰማው በልምምዱ ላይ ብቻ አያዝንም፤ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ላይ እምነት ያጣል፤ ሴት ልጁንም ከትምህርት ሊያስቀር ይችላል። ከአሥር ደቂቃ ልምምድ የሚገኘው ጥቅም ይህን ጉዳት አይክሰውም። ስለዚህ አስተማሪው አስቀድሞ ወላጆችን፣ ካህኑንና ሼኹን ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይጥራ፤ ከየት እንደ መጣ፣ ምኑ እንደ ተተወ ይንገር፤ ልምምዱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሱ በፊታቸው ይሥራ። ይቅር ያሉትን ይተው። ልጄ አይግባበት ያለ ወላጅ ቢኖር፣ ልጁ ሳይነቀፍና ሳይለይ በዚያ ጊዜ መጽሐፍ ያንብብ።

4. ስለ ጥቅሙና ስለ ልኩ

ሰው ሲፈራ ልቡ ይፈጥናል፤ ትንፋሹ አጭር ሆኖ ከደረቱ ላይ ይቀራል፤ ትከሻውና መንጋጋው ይጠነክራል። ይህ ሁሉ ለመሸሽ ወይም ለመታገል የተሰጠ ኃይል ነው እንጂ ፊደል ለመቍጠር የሚሆን አይደለም። ሰው ልቡን ቀስ በል ብሎ ሊያዝዘው አይችልም፤ ትንፋሹን ግን ሊያዝዘው ይችላል። ከአንጎል ሥር ወርዶ ወደ ልብ የሚደርስ ነርቭ አለና፣ አየር ሲሳብ የልብ ምት ጥቂት ይፈጥናል፣ አየር ሲወጣ ይዘገያል። ስለዚህ አወጣጡ ከአሳሳቡ ሲረዝም ልብ ይረጋል፤ አካልም ያለው አደጋ እንዳለፈ ይቈጥረዋል።

በልጆች ላይ ከተደረጉት ምርመራዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያለው ልምምድ ጭንቀትን ጥቂት እንደሚቀንስ ያመለክታሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ በጥቂት ልጆች ላይ የተደረጉ ናቸውና፣ ከሚገባው በላይ ተስፋ ማድረግ አይገባም። ትንፋሽ እንጀራ አይሆንም፤ የተራበ ልጅ የሚያስፈልገው ምግብ ነው። ወንድሙ የሞተበት፣ ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ ልጅም በዚህ ብቻ አይድንም። አስተማሪው ለወላጁ በቀስታ ይንገር፤ ወደ ጤና ኬላም እንዲወስዱት ይምከር።

5. የልምምዱ ሥርዓት

ጊዜው ጧት ከትምህርት በፊት ወይም ከፈተና አስቀድሞ ሲሆን፣ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ምንጣፍም የተለየ ልብስም አያሻም፤ ሁሉም ቆሞና ተቀምጦ የሚፈጸም ነው። ተማሪ ቢበዛ በሜዳው ላይ እጅ ለእጅ እስከማይነካኩ ድረስ ተራርቀው ይቁሙ። ፀሐይ ባረፈበት፣ ነፋስም በማይበረታበት ስፍራ ቢሆን ይሻላል።

1ኛ። የተራራ አቋቋም። እግር ከእግር በጥቂቱ ተለያይቶ፣ ክብደት በሁለቱም እግር ላይ እኩል ይሁን። ጉልበት አይገተር፤ ትከሻ ይውረድ፤ ዐይን በፊት ካለ አንድ ነገር ላይ ይረፍ። አሥር እስኪቈጠር ድረስ በዝምታ ይቁሙ።

2ኛ። እጅን ማንሣት። በአፍንጫ አየር እየሳቡ ሁለቱን እጅ በጎን በኩል ወደ ላይ ያንሡ፤ እየተነፈሱ ቀስ አድርገው ያውርዱ። አምስት ጊዜ ይደገም። ትንፋሽና እጅ በአንድነት መሄዳቸውን አስተማሪው ይመልከት፤ የቀንበሩ ትምህርት ይህ ነው።

3ኛ። ሸንበቆ በነፋስ። አንዱን እጅ ወደ ላይ ዘርግተው በጎን በኩል ጥቂት ያዘንብሉ፤ ሕመም እስኪሰማ ድረስ አይሁን። በየጎኑ ሦስት ጊዜ። ውኃና እንጨት ለሚሸከሙ ልጆች ይህ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኛል።

4ኛ። የጥድ አቋቋም። በአንድ እግር ቆመው የሌላውን ውስጥ እግር በቍርጭምጭሚት ላይ ያሳርፉ፤ በጉልበት ላይ ግን አያድርጉት። የሚወድቅ የጓደኛውን ትከሻ ይያዝ። በየእግሩ አሥር ይቈጠር። ዐይን ሲንከራተት አካል ይወድቃል፤ ዐይን ሲያርፍ አካል ይቆማል፤ ልጆቹ ይህን ራሳቸው ያገኙታል።

5ኛ። የዋሽንት ትንፋሽ። በድንጋይ ወይም በመደብ ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። በአፍንጫ ሦስት እስኪቈጠር ይሳቡ፤ ከንፈርን እንደ ዋሽንት ነፊ አጥብበው አምስት እስኪቈጠር ያውጡ። ስድስት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብለው በዙሪያቸው የሚሰማውን ድምፅ ያድምጡ፤ የወፉን፣ የነፋሱን፣ የሩቁን ከብት። የሰሙትንም ሁለት ሦስት ልጆች ይናገሩ፤ ትምህርትም ይጀመር።

ስሞቹን ልጆቹ በሚያውቁት ነገር መሰየም መልካም ነው። በደንቆሮ ጫካ አጠገብ ያደገ ልጅ አስታንና ጅብራን ያውቃል። ነገር ግን ዝንጀሮ፣ ጅብ የመሰለ፣ ልጅን በጓደኞቹ ፊት መሳቂያ የሚያደርግ ስም አይሰጥ።

6. ስለ ጥንቃቄ

ትንፋሽን አፍኖ መያዝና እንደ ወናፍ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ለልጆች ፈጽሞ አይፈቀድ፤ መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ናትና አየሩ ስስ ነው፤ ቶሎ ቶሎ መተንፈስም ያዞራል፣ የሚጥል በሽታ ያለበትንም ሊያስነሣበት ይችላል። በራስ መቆምና አንገትን መጠምዘዝ ይከልከል። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ያልበላ፣ በጾምም የደከመ ልጅ ተቀምጦ የሚችለውን ያድርግ። እግሩ የማይሄድለት ልጅም እጁንና ትንፋሹን ይዞ ከሁሉ ጋር ይሁን።

ዐይንህን ጨፍን ተብሎ ማንም አይገደድ፤ የፈራ ልጅ ዐይኑን ሲጨፍን የፈራውን ያያልና። አስተማሪ የተማሪን አካል በእጁ አይንካ፤ ለማረም ቢፈልግ ራሱ ሠርቶ ያሳይ። ያደጉ ሴቶች ልጆች ከወንዶች ተለይተው መቆም ቢመርጡ ይፈቀድላቸው።

ከሁሉም በላይ ግን ልምምዱ ቅጣት አይሁን። ብዙ ልጆች እጅን ወደ ላይ አንሥቶ መቆምንና መንበርከክን የሚያውቁት በቅጣት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ጧት በአምስት ደቂቃ ትንፋሽ ያረጋጋውን ልጅ በአራት ሰዓት በአለንጋ የሚያስደነግጥ አስተማሪ፣ በአንድ እጁ የዘራውን በሌላው ይነቅላል። የሕፃኑ ልብ የሚያርፈው በአስተማሪው ፊት እንጂ በልምምዱ ብቻ አይደለም።

መደምደሚያ

እንግዲህ ይህ ልምምድ ትንሽ ነገር ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው፤ ጊዜና ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ነገር ግን ትንሹም ነገር በብርሃን ሲሠራ ይጠቅማል፣ በስውር ሲሠራ ይጎዳል። አስተማሪው ስምንት ሳምንት ያህል ሞክሮ፣ የሚያረፍዱትና የሚጣሉት ልጆች ቍጥር፣ በክፍልም ውስጥ የሚያደምጡት እንዴት እንደ ሆኑ መዝግቦ ለወላጆች ያቅርብ። ጥቅም ከታየበት ይቀጥል፤ ካልታየበት ያለ ሐፍረት ይቅር። አስተማሪና ወላጅ በአንድ ቀንበር ሲሆኑ የልጁ ትልም ይቃናል።

ለአስተማሮችና ለሽማግሎች መወያያ ጥያቄዎች

1. በዚህ መንደር ያለ ልጅ ትምህርት ቤት ከመድረሱ በፊት ምን ምን ሥራ ይሠራል? ስንት ሰዓትስ ይጓዛል?

2. ከተጻፉት አምስት ልምምዶች በሽማግሎች ዘንድ የሚያጠራጥር አለን? ስለ ምን?

3. አየር ሲወጣ ከሲሳብ ይልቅ የሚረዝምበት ምክንያት ምንድር ነው?

4. በክፍል ውስጥ በድምፅ የሚደነግጥ ወይም ከሰው የሚርቅ ልጅ አለን? ወላጁን ማን፣ እንዴት አድርጎ ያነጋግር?

5. በዚህ ትምህርት ቤት መንበርከክ ወይም ዱላ ቅጣት ሆኖ ቀርቷልን? ካልቀረ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ይቅር?